ብረት ያለበት አይግባ

ይድረስ ለልጄ አማት፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ዳሌዬን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝ። ልጄን አደራ፣ በግራ ጎኗ ትተኛ። እርስዎ አያውቁም ብዬ አይደለም፤ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምጽፍልዎት በስልክ ሲሆን አፌ ስለሚተሳሰርብኝ ነው። ማዋለጃ ክፍል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሏል። ባሏ እንደሆነ ደም ሲያይ ይወድቃል፤ ልጅዎን ማማቴ አይደለም፣ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ልጄ ደግሞ ሁለታችሁ ተስማሙ ብላ ከነገሩ ወጣች።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀንቻለሁ። ከኤምአርአዩ ቀን ጀምሮ አርሬያለሁ። አልትራሳውንዱ የሕፃኑን ደረትና ሆድ የሚለየው ስስ ሥጋ ቀዳዳ አለው፣ አንጀቱም ወደ ላይ ወጥቷል አለ፤ ሳንባው ምን ያህል እንዳደገ ግን አልለይ ስላለው ነበር ወደዚያ በማግኔት ወደሚያነሳው ማሽን የላኩን። አብሬያት የምገባው እኔ ነበርኩ። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ሰውነቴ ውስጥ ብረት እንዳለ ቢጠይቀኝ፣ ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ የገባልኝን ነገርኩት። ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ካላወቅሁ አይሆንም አለ። ብለምነው፣ "እማማ፣ እኔ እሺ ብልዎት ማግኔቱ እሺ አይልም" አለኝ።

እርስዎ ገቡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዎን ታቅፌ ቀረሁ። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቤት ሲንኳኳ፣ እግሯን የያዙት እርስዎ። ስትወጣም የተጠመጠመችው እርስዎ አንገት ላይ ነው፤ እኔ ጋ የደረሰችው እንባዋን ጨርሳ ነው።

ሐኪሙ ምስሉን እያሳየ፣ ጉበቱ ከታች ቀርቷል፣ ሳንባውም ከፈራነው ይሻላል፣ ተስፋ አለው አለን። ግን ትልቁ ሆስፒታል መወለድ አለበት፤ መጀመሪያ በማሽን ይተነፍሳል፣ ሲረጋጋ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ ለሆስፒታሉ የእርስዎ ቤት ይቀርባልና እዚያ ትሰንብት ተባለ። መግባቱም ለእርስዎ፣ ልጅቷም ለእርስዎ።

ስንለያይ ቦርሳዎን ስሰጥዎት ጣትዎን አየሁት። ቀለበቱ የለም፤ ቦታው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ አውልቀውት እንደማያውቁ አውቃለሁ። ምክንያቱን ትናንት ልጄ ነገረችኝ። እኔ ከማሽኑ ልጅ ጋር ስከራከር፣ እርስዎ መታጠቢያው ጋ በሳሙና ሲታገሉ ነበር ለካ። እምቢ ሲል ነርሷ መቁረጫ አመጣች፤ እጇን ብትሰበስብ፣ "ቁረጪው ልጄ፣ እሱም ቢኖር ቁረጡት ነበር የሚለው" አሏት አሉ። ቁራጩን ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱት። እኔ በንዴት ታቅፌው የተቀመጥኩት ቦርሳ ውስጥ።

እንግዲህ ያሰብኩት ይኸው ነው። ማዋለጃ ክፍል እኔ ልግባ፤ ይቺን አልለቅም፣ አይቀየሙኝ። ሕፃኑን እንደ ተወለደ ሐኪሞቹ ይዘውት ሲሮጡ ግን እርስዎ ይከተሉት። የእኔ እግር አይደርስበትም፤ ብቻውን አይሂድ። ቦርሳዎን ለእኔ ይስጡኝ፣ እይዝልዎታለሁ።

ለትንሹ ትንፋሽ ይስጥልን፤ እርስዎንም ከነጉልበትዎ ያቆይልን።

የልጃችን እናት