መረቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ኡበይደላ፤ ባቱ።

አባባ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ጎህ ሳይቀድ ጀልባ ላይ መውጣቱን ለወንድሜ ለጠሃ መተው ጀመሩ ወይስ ዛሬም እምቢ እንዳሉ ነው? እማዬስ ዓይኗን ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም።

በስልክ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ስለሚተሳሰር በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። ኮሌጅ ስገባ መናኸሪያው ላይ ቆመው፣ «ሑስና፣ ከክፍል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ክፍል፤ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ድርሽ እንዳትዪ» ብለውኝ ነበር። ፈርተውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ቃልዎን ጠበቅኩ። ዘንድሮ ግን አፈረስኩት።

ምክንያቱ ሃዊ ናት። ከደራ የመጣች፣ ከእኔ ጋር ልብስ ስፌት የምትማር ልጅ ናት። ታኅሣሥ ላይ ከክፍል ቀረች። ማንም አልጠየቀም፤ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ እንኳ አራት ቀን ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በአምስተኛው ቀን የተከራየችበት ቤት ስሄድ ልብሷን ከረጢት ውስጥ አስራ አገኘኋት። ልትሄጂ ነው ወይ ስላት፣ «ሦስት ወር አለፈኝ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም መቅረቴን ለመመዝገብ። ለማን ብዬ ልቆይ?» አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ እስከ ሐሙስ ብቻ ቆዪልኝ ብዬ ለመንኳት። ሐሙስ ምን እንዳለ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ጀቤሳ ዘንድ ገብቼ፣ ከትምህርት በኋላ የምንገናኝበት ነገር ለምን የለም አልኳቸው። «የሚያዘጋጅ ጠፍቶ ነው እንጂ ሜዳው መች እምቢ አለ? አንቺ አዘጋጂያ!» ብለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። ከፍቼ ባይ ሁለት ኳስና የመረብ ኳስ ምሰሶ አለ፤ መረብ የለም።

እንግዲህ አባባ፣ ከጓሮ የጠፋብዎ አሮጌ የዓሣ መረብ እኔ ጋ ነው። በሚኒባስ የላከልኝ ጠሃ ነው፤ የለመንኩት እኔ ስለሆንኩ እሱን አይቆጡት። ጎረቤታችንን ጋሽ መሐመድዘይንን ሳይጠረጥሯቸው አልቀሩም፤ ስመጣ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መረቡን አጣጥፈን ሰቀልነው። ሁለት ጊዜ ብናጥበውም ሽታው አልለቀቀም። የግቢው ድመቶች ከሥሩ ተኮልኩለው ሽቅብ ሲያንጋጥጡ ሃዊ እስኪያማት ሳቀች። ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ አምስት ሴቶች ብቻ ነበርን። በሦስተኛው ሃያ ሆንን። ያኔ እግር ኳስ ተጫዋቾቹ መጥተው ሜዳው የእኛ ነው፣ ንቀሉ አሉን። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ገመዱን መፍታት ጀምሬ ነበር። ሃዊ ግን፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ፣ ምሰሶውን አቅፋ፣ «ሌላው ቀን ሁሉ የእናንተ ነው፤ ሐሙስን አንሰጥም!» አለች። በአማርኛ አልሰማ ሲሏት በኦሮምኛ ደገመችው። አለቃቸው ምልኬሳ ትንሽ አያት አያትና፣ «በሉ እኛንም አስገቡን» አለ። ገብተውም ተሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የሁሉም ቀን ሆነ። ግጥም የሚያነብ አለ፤ ያልገባውን ትምህርት የሚጠይቅ አለ፤ ዝም ብሎ ጥላ ሥር የሚቀመጥም አለ። ሃዊ ከረጢቷን ፈታች። አሁን ሁለት ቀን የቀረ ተማሪ ካለ ቤቱ ድረስ ሄዳ በር የምታንኳኳው እሷ ናት።

አባባ፣ ለከርሞ የተማሪዎችን ዝግጅት በኃላፊነት ያዢ ተብያለሁ። አባቴ ሳይመርቀኝ አልፈርምም አልኩ። ግንቦት 21፣ ሐሙስ፣ የዓመቱ መዝጊያችን ነውና እባክዎ ይምጡልኝ። በሰው መሃል ስቆም በዓይንዎ ይዩኝ። አይተው ተዪው ካሉኝ አለቅሳለሁ እንጂ አልከራከርዎም። ሳያዩኝ ግን አይፍረዱብኝ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ጠሃን በርታ ይበሉልኝ። የፊት ጥርሷ የወለቀባትን ትንሿን እህቴን ዳሊያን ሳያስቁ እንዳይውሉ፤ ለዓረፋ ስመጣ ሳቋን እኔም ልየው።

ልጅዎ ሑስና ኡበይደላ
አዳማ፤ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.