በአንድ ሊትር ውሃ የተመዘነ ብረት

አዲስ ከተማ፣ እህል በረንዳ
ጥር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሙራድ፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ግን የምጽፍልህ ተናድጄ ስለሆነ ብቻህን ሆነህ አንብበው። ደብዳቤውን ለሐጅ በሚመጡት በጋሽ እንድሪስ እጅ ልኬዋለሁ። ፖስታውን በሁለት በኩል አሽጌዋለሁና ተከፍቶ ከደረሰህ ጻፍልኝ።

እናትህ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ልጅህ ማሂራ ሰባተኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች። ዘንድሮ አንተም ሐጅ እንደምታደርግ፣ የሰው ሐቅ ተይዞ አይኬድምና ከደንበኞቻችን ሁሉ «ይቅር በሉት» ብዬ አውፍ እንድጠይቅልህ የላክኸው ቃል ደርሶኛል። እስካሁን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁልህም። ምክንያቱ ይኸውልህ።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቅ ስከፍት የአንድ ኪሎዋ የሚዛን ብረት የለችም። ስትሄድ መሸጫ ብለህ ለይተህ የሰጠኸኝ ማለቴ ነው፤ መግዣዋ በቦታዋ አለች። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤታችንን ፉርቃንን ነው። እኛ ጋ ምስር የሚገዛ ሰው ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ማሂራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብረቷ ከደብተር ቦርሳዋ ወጣች።

የሳይንስ አስተማሪያቸው አዝዟቸው ነው። መምህር ደምመላሽ ይባላል። ትምህርቱ በእጅ ካልተሠራ አይገባችሁም ብሎ ሚዛን ሊያሠራቸው ነው አሉ፤ ሱቅ ያለው ቤት ልጅ ሁሉ የኪሎ ብረት ይዞ እንዲመጣ ነግሯቸዋል። እኔ ይህን ስሰማ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ያ ክፍል ከዳር እስከ ዳር የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው። ሚዛን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው እየተባለ ገበያው በሚታመስበት ሰሞን የሱቃችንን ብረት በልጆቻችን እጅ የሚያስመጣ ሰው ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ሳይነጋገር አይቀርም አልኩ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ከማሂራ ጋር ሄድኩ።

አስተማሪው ልጅ እግር ነው። ምንም ሳይከፋው ከኋላ ወንበር ሰጠኝ፤ ትሕትናው ራሱ አላማረኝም። ልጆቹ በየቡድናቸው ከእንጨት ዘንግና ከወተት ጣሳ ክዳን ሚዛን ሠርተዋል። አንድ ሊትር ውሃ ለክተው፣ በቀጭን ፌስታል ቋጥረው በአንዱ ክዳን ላይ ያስቀምጣሉ፤ በሌላው የኪሎውን ብረት። አንድ ሊትር ውሃ ልክ አንድ ኪሎ ነው ሲል አላመንኩትም። ግን የሸማ ተራው ልጅ ብረት ልክ ሆነ። የፉርቃን ልጅ የሀስና ብረትም ልክ ሆነ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ አናደደኝ።

የእኛ ተነሣች።

ማሂራ ውሃው በዝቶ ነው ብላ እንደገና ለካች። ብረቱንና ውሃውን አቀያየረች። ክዳኖቹን ሳይቀር ለወጠች። ብረቷ መልሳ መላልሳ ወደ ላይ ወጣች። ያን ጊዜ አስተማሪው ቀና ብሎ አየኝና፣ «በእጅ የተሠራ ሚዛን ነው፤ አንዳንዴ ያሳስታል» ብሎ ወደ ሌላ ቡድን አለፈ። ሊሸፍንልኝ የዋሸው ውሸት ነው። ስጠረጥረው የዋልኩት ሰው ልጄ ፊት እንዳላፍር ሲያድነኝ ቁጭ ብዬ አየሁ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማሂራ ግን አላሳለፈችውም። ቤት ስንገባ ብረቷን ገልብጣ ታችዋን በምስማር መፋቅ ጀመረች። መግዣዋ ብረት ሥር ያለው ቀዳዳ ልክ እንድትመዝን በከባድ እርሳስ የተሞላ ነው። ከመሸጫዋ የወጣው በጫማ ቀለም የጠቆረ ሻማ ነው።

ሙራድ፣ ይህን ማን ሞላው? ከሌላ ሰው ገዝተሃት እንደሆነ እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ፤ ላምንህ እሞክራለሁ። ግን «በዚች ሽጪ፣ በዚያች ግዢ፣ እንዳታደባልቂ» ያልከኝ አንተ ነህ። ለምን ስልህ እንዳይምታታብሽ ነው አልከኝ። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁህም። ሚዛን የሚያጎድል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ቁርኣን ከፍተህ ለልጅህ ያነበብክላት በአንተው አንደበት ነው፤ እሷም አልረሳችውም።

ለማሂራ ግን አባትሽን ሻጩ አታሎት ነው አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«እማዬ፣ እሱም ካላወቀ አንቺም ካላወቅሽ፣ ለአያቴ ምስር ስትመዝኚ ሁልጊዜ በመግዣዋ የሆነው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ይህን ካለችኝ ሦስት ቀን ሆነ። ስጠራት አቤት ትላለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ወደ ሱቅ ግን እግሯን አላነሣችም።

ነገ እሑድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ካሉት ከእትዬ ባይነሽ እጀምራለሁ። ከተጋባን ጀምሮ በየሳምንቱ ከኛ ምስር የሚገዙ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ጨምሪልኝ ብለውኝ አያውቁም። ደንበኛ ሁሉ ቤት በየተራ እሄዳለሁ። አውፍ የምጠይቀው ግን ለአንተ ብቻ አይደለም። እነሱስ ይቅር ይሉናል። ማሂራን እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ነው ያላወቅሁት።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ሐጅህንም ይቀበልህ። እናትህ ዱዓ አድርግልኝ ብለውሃል። ለእኔም አድርግልኝ።

ሐጀራ