ማሩ ለአፋቸው፣ ክሩ ለጥርሳቸው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም አፍ ማጠብ። የአምላካችንን አፍ ማለቴ ነው። አዳራሹ ውስጥ ተጋድመው በር የሚያህል አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እኔ ቦቲ ጫማ አድርጌ ምላሳቸው ላይ ቆሜ እፈትጋለሁ። ሰው ሲሰማ "የታደልሽ" ይለኛል። መታደል? ትንፋሻቸው የከረመ የአበባ ውሃ ይሸታል። ቁርስ በልቼ የሄድኩ ቀን እዚያው አስመልሻለሁ።

ደግሞ ክሩ... ሰው ጭንቀቱን ሹክ ይልበትና ቋጥሮ፣ ማር ነክሮ ይወረውርላቸዋል። ያ ሁሉ ስለት ጥርሳቸው መሃል ሻግቶ ነው የማገኘው። በመንጠቆ እየጎተትኩ በባልዲ አወጣለሁ። አለቃዬ "ይሄ ትርፉ ነው፤ ዋናውን ውጠውታል" ይላል። የክር ዋናው የቱ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
የእህቴ ልጅ ጉሮሮዋ አብጧል። ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል።

"እትዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት" ብላት...

"ክር አስገብቻለሁ እኮ። አሁን ሐኪም ጋ ብሄድ ናቀችኝ አይሉም?"

ነገ ማሩን አብዝታ ልትደግም ነው። ባልዲዬ ውስጥ ያለውን ብታይ... ምን ብዬ ልንገራት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
አገኘሁት። የእህቴን ክር። ከልጇ ቀይ ቀሚስ የተመዘዘ ስለሆነ አይጠፋኝም። መንጋጋቸው ሥር፣ ቋጠሮው እንዳለ። ማሩ ብቻ ተመጧል።

እሳቸውን ማናገር ክልክል ነው። አላስቻለኝም።

"ጌቶች፣ ክሩን ለምን አይውጡትም?"

"ክር ይበላል እንዴ?"

"ስለታችን እኮ ነው ውስጡ ያለው።"

"የምን ስለት? እኔ ማር የምታበሉኝ ነው የመሰለኝ።"

"የእህቴ ልጅ ልትሞት ነው!"

"ሐኪም የለም?" አለኝ።

በቃ። ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን በወደድኩ፤ ክፉ እንኳን አይደለም። የነገረው የለም፣ እሱም ጠይቆ አያውቅ። አባቶቻችን ሲያለቅሱለት ይልስ ነበር፤ ዛሬም ይልሳል። ከእንግዲህ አንቱታው ለሰው ፊት ነው።

ሮጬ እህቴ ጋ ሄድኩ። "ጌቶች ሐኪም ጋ ውሰዷት ብለዋል" አልኳት። እንደዚያ እንኳን አላለም... ልጇን አቅፋ፣ ጫማዋንም ሳታደርግ ወጣች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ድናለች! ሐኪሙ ጉሮሮዋን በጥቶ መግሉን አወጣው። "ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

እህቴ ታዲያ ማንን አመሰገነች? ማር በባልዲ ተሸክማ እዚያው። እልል እያለች። ሲልሰው ቆሜ አየሁ፤ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሐኪሙንማ ማን አስታውሶት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
አለቃ ጠራኝ። የምባረር መስሎኝ ነበር።

"ጌቶች ያናግሯታል እየተባለ ነው" አለኝ። ሰልፉ መንገድ ዘግቷል። ከአሁን በኋላ መንጠቆ አልነካም፤ አፉ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለመጣው ሁሉ "ሰምተዋል" ማለት ነው ሥራዬ።

"ሐኪም የምትለዋን ግን እንዳትደግሚያት። ሰዉ እዚያ ከሄደ እዚህ ማን ይመጣል? ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው።" ሳቀ።

መንጠቆዬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ወንበሩ ይመቻል። ቦቲዬን ለአዲሷ አጣቢ ሰጠሁ።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሚስታቸው ደም ታስላለች።

"ልጄ፣ ሐኪም ጋ ልውሰዳት ወይስ ክሩ ይበቃል?"

እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። የሐኪሙን ነገር ራሳቸው አንስተውት! አለቃ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሰምተዋል አባባ። ቤትዎ ይግቡ።"

እጄን ስመው ሄዱ። ጣታቸው በማር ተጨማልቆ ነበር።

አምላካችን ታዲያ፣ ካናገርኩት ቀን ወዲህ መጠየቅ ለምዷል። "ሰውዬው ምን ፈልገው ነው?" አለኝ።

"ምንም ጌቶች። ማር ሊሰጡዎት ነው።"

ቤት ገብቼ አፌን ታጠብኩ። ደግሜ ፈተግኩት። ይሸታል።