በመስኮቱ ድንጋይ ውስጥ የቀረው ሚስማር

ውዴ ዘውዱ፣ የቤቴ አባወራ፤

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ሙት ዓመትህ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም፤ ሰሞኑን በአንተ ሥራ ምክንያት እህል አልበላ ብሎኝ ሰንብቻለሁ።

የቤቱን ላስቀድምልህ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሷል። አሁንም ያው ፒኜቶ ሰፈር ነን። ልጃችን ማርታ በቁመት በልጣኛለች፤ ስትናደድ በጣልያንኛ ትናደዳለች፣ ስታለቅስ ግን እስካሁን በአማርኛ ነው። ጫማዎችህን ለሰው ሰጠሁ። የሥራ ካፖርትህን ግን መስጠት አቃተኝ፣ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ጭንቀቴ ያቺ ስትጠብቃት የኖርካት የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሌላው ሚስቱን ፒያሳ ሲያንሸራሽር አንተ አንገቴ እስኪደነዝዝ ጣሪያዋን ታሳየኝ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ እንግሊዞች ጎቲክ የሚባለውን የሕንፃ አሠራር በራሳቸው መንገድ ሠሩት፣ ይህችም ያንን አስመስለው ሮም ላይ ያቆሟት ናት ትለኝ ነበር። ግድግዳውን እያሳነሱ መስኮቱን አሰፉት፤ ቀጫጭን የድንጋይ ቋሚዎች ከመስኮቱ ሥር ተነሥተው ቀጥ ብለው እስከ ቅስቱ ይወጣሉ፤ ጣሪያው ላይ ድንጋዩ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ድንጋይን እንዲህ ለማቅጠን የደፈረ ግንበኛ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው እያልክ ትገረም ነበር። እኔ የማስበው ራታችንን ነበር።

እንግዲህ ከእነዚያ ቋሚዎች አንዱ ተሰነጠቀ።

ለምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። እንግሊዞቹ እኛ ሐበሾቹ እሑድ ማለዳ እንድንቀድስባት ሲፈቅዱልን ምንም ነገር ላይ ሚስማር እንዳትመቱ ብለውን ነበር። እኛ ደግሞ ያለ መጋረጃ አንቀድስም። በእንጨት መቆሚያ ዘረጋነው፤ በፍልሰታ ቅዳሴ መካከል ከነመቆሚያው ቀሲስ ዮናስ ላይ ወደቀ። አንተ እጅህ መች ያርፋል! በማግስቱ ቋሚውን በስተህ ወፍራም የብረት ሚስማር ከተትክበት፣ የመጋረጃውን ገመድ አሰርክበት፣ ገመዱ ብቻ እንዲወጣ አድርገህ ላዩን ኖራና የድንጋይ ዱቄት ለውሰህ ለሰንከው። መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። ብረት ድንጋይ ውስጥ ሲዝግ አብጦ እንደሚሰነጥቀው የነገርከኝም ያኔ መሰላሉ ላይ ሆነህ ነው። ናስ እስካገኝ ነው አልከኝ። ናሱን ሳታገኝ ሕመሙ አንተን አገኘህ።

ባለፈው ሳምንት መዳፍ የምታህል ቁራሽ ከቋሚው ወደቀች። ሕፃናቱ ሲዘምሩ የሚቆሙት እዚያው ሥር ነው፤ ደግነቱ የወደቀችው በአዘቦት ቀን ነው። እንግሊዞቹ አንዲት አርኪቴታ፣ የሕንፃ ባለሙያ፣ ጠሩ። እሷም ዝናብ ከላይ እየሰረገ ነው ብላ ሦስት ቀን ጣሪያ ለጣሪያ ስትዞር ዋለች። ሚስማሩ ያለበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሑድ እየቀረበ ነበር።

ዓርብ ዕለት ለቀሲስ ዮናስ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልጄ፣ ካወቁ ያስወጡናል። ሙት ዓመቱ እንኳ ይለፍ፣ ፍታቱን እዚያው እናድርግለት» አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልላቸው ነበር። አንተ የወደድካት ቤት ውስጥ ስምህ በጸሎት እንዲጠራ ምን ያህል እንደፈለግሁ አታውቅም። ደግሞም ሰው በሞትህ ላይ ጥፋት እንዲደርብብህ አልፈለግሁም። ግን ማርታ እዚያ መስኮት ሥር ስንት ዓመት ቆማ ዘምራለች። ነገ ድንጋዩ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ቢወድቅስ?

ቅዳሜ ጠዋት ትራም ይዤ ሄድኩ። በአንተ ተናድጄ ነበር፣ መንገዱን ሙሉ ስሰድብህ ነው የሄድኩት። አርኪቴታዋን ጠርቼ በጣቴ አሳየኋት። ማን እንደመታው ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ነው፣ ሞቷል፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ አልኳት። ልስኑን ፋቀችው። ሚስማርህ ዝጎ፣ አብጦ፣ ድንጋዩን ለሁለት ሊከፍለው ትንሽ ቀርቶት ነበር። የተፋቀውን ልስን በጣቷ ዳበሰችና «እንግዲህ፣ ሲኞራ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ አላገኘውም ነበር። ይህን የለሰነው ሰው ሙያውን ያውቃል» አለችኝ። እንዴት እንዳፈርኩ፣ እንዴትም እንደኮራሁብህ! ሁለቱ አንድ ላይ ሆነውብኝ እዚያው አለቀስኩ።

ቤተ ክርስቲያኗ ለእኛ ተዘግታለች። ጥገናው ሲያልቅ ይመልሱን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እሑድ የቀደስነው በተለመነ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ሙት ዓመትህም እዚያው ይሆናል። ከምእመናኑ አንዳንዶቹ ሰላምታ ነስተውኛል። ቀሲስ ዮናስ ግን መጥተው እኔንና ማርታን መስቀል አሳለሙን።

በሙት ዓመትህ ቀን ሰዎች ደግነትህን ሲያወሩ እኔም አወራለሁ። ከዚያ የሚስማሩን እነግራቸዋለሁ፣ መሰላሉን እንደያዝኩም እነግራቸዋለሁ። አልረሳህም ያልኩህ ሙሉውን አንተን ነው፤ ግማሽህን ብቻ ማስታወስ አልችልበትም።

ያንተው ሰናይት