የፋቅሁት አረንጓዴ ቀለም

ለውድ አያቴ ለአባባ በላቸው፣

ዝቅ ብዬ ጉልበትዎን እየሳምኩ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የተሰጠዎት ቅባት ብርዱን አስታገሰልዎ? እምዬ ሮማነወርቅስ ሳሉ ለቀቃት? ይህን የሚያነብልዎ አጎቴ አገኘሁ ነውና ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ፣ እኔ የማፍርበት ቦታ ሲደርስም እንዳይዘል ይንገሩልኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። አባዬ ሥራውን ይሠራል። እናቴ ግን ወንድሜ ሔሩይ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሲል አሁንም ለምሳ አራት ሳህን ታወጣና አንዱን መልሳ ታስገባለች።

ባለፈው በስልክ «የልጄን ሬሳ አላየሁም፤ በሙት ዓመቱ ጠመንጃውን ዘቅዝቄ ይዤ ላልቅሰው» ማለትዎን አባዬ ነገረን። ጠመንጃዋ በጦርነቱ ጊዜ እኛ ቤት ኮርኒስ ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ ስለከረመች፣ ጣሪያው እያፈሰሰባት ዝጋ ነበር። ሔሩይ በልጅነቱ የቀባት አረንጓዴ ቀለምም ሰደፏ ላይ እንደ እከክ ተላልጧል። በዚህ መልኳ ለለቅሶ ልትወጣ ነው ብዬ አዘንኩ። ለአባዬ ሳልነግር ላሳምራት ተነሣሁ።

ብረቱን ቤት ውስጥ በነጭ ጋዝ እየፈተግሁ፣ እንጨቱን ብቻ ፈትቼ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወዳለው አናጢ፣ ወደ ጎይቶም ወሰድኩት። መጀመሪያ ማን ቀባው አለኝ። ወንድሜ አልኩት። «እሱ ፍቀው ብሎሃል?» አለኝ። ሞቷል አልኩት። መጋዙን አስቀመጠና «እንግዲያስ ሓወይ፣ አባትህን ጠይቀህ ና» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። በማግስቱ ሄጄ ጠይቄያለሁ አልኩት። አባባ፣ አልጠየቅሁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እዚያው ነበርኩ። በብርጭቆ ስባሪ ፋቅሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ የተልባ ዘይት አጠጣሁት። ጎይቶም «ቀለም ነው የምትፍቀው ወይስ ቆዳህን?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

እኔ ስለዚያ ቀለም የማውቀው ሰው እንደሳቀበት ብቻ ነው። ሔሩይ በሰባት ዓመቱ ለገና እናንተ ዘንድ መጥቶ፣ ከመስኮት በተረፈ ቀለም እንደቀባት፤ በጥምቀት ይዘዋት ሲወጡም የሰፈሩ ሰው «በላቸው በቆሎ ተሸክሞ መጣ» እንዳለ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እኔ ገና የሚታዘል ልጅ ነበርኩ። በለቅሶው ላይ ደግሞ እንዳይሳቅ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እንጨቱንና ብረቱን ገጥሜ አባዬ ፊት አቆምኳት። እንጨቱ ቀይ ማር መስሏል። ይመርቀኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ሰደፉ ላይ አኖረ። «ቀለሙስ?» አለኝ። ፋቅሁት አልኩት።

ያልሰማሁትን ያን ጊዜ ነገረኝ። እሱ ሔሩይን ሊገርፍ አለንጋ ሲያነሣ፣ እርስዎ ጠመንጃዋን ልጁን አስይዘው «ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ናት፤ የገዛ ንብረቱን በቀባ ማን ይመታዋል?» ብለው ነበር አሉ። በጥምቀትም የወጡት አውቀው ኖሯል፤ በአንድ እጅዎ እሷን፣ በሌላው ሔሩይን ይዘው። በቆሎ ሲሉዎት «አዎ፣ እሸቴ ነው፤ ገና ይደርሳል» ብለዋቸው ነበር። እኔ ያፈርኩበትን እርስዎ ኮርተውበት ነበር፣ አባባ።

ለጎይቶም እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ያንኑ የሚመስል ቀለም ፈልጎ አመጣልኝ፤ እኔ ግን ጣሳውን ከፍቼ መልሼ ከደንኩት። እርስዎ የሔሩይ እጅ ነው ብለው በእኔ ቀለም ላይ ካለቀሱ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ቦታ ግን ስባሪውም ወረቀቱም አልደረሰም። ማንገቻው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ አረንጓዴው እንዳለ አለ። ጠባብ ነው፤ ብሩሽ አይገባውም። ሔሩይ በጣቱ መሆን አለበት የቀባው። እኔ ብሞክር ትንሿ ጣቴ እስከ አንጓዋ ብቻ ገባች። ማንገቻ አላስገባሁበትም። ዓይንዎ ባያየው ይዳስሱት።

አባዬ የፈቃድ ወረቀቷን አስጨርሶ ለሙት ዓመቱ ያመጣታል። ሰው «በቆሎዋ የት ሄደች?» ቢል ማቲያስ ፋቃት ይበሉ፤ በአባዬ እንዳይመካኝ። እኔም አብሬ መጥቼ ከጎንዎ ብቆም እወድ ነበር፤ ሳይፈቅዱልኝ ግን አልመጣም። አጎቴ አገኘሁ ደውሎ «ይምጣ ብለዋል» ካለኝ፣ ሌላ ምንም ባይጨምርበት ይበቃኛል።

እምዬ ሮማነወርቅን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለአጎቴ አገኘሁ ስላነበበልኝ ምስጋናዬ ይድረሰው። ልጁን ሳምሪን ናፍቄሻለሁ ይበሏት። እናቴ የኔአለም እጅ ትነሣለች፤ አባዬም እንዲሁ።

ልጅዎ ማቲያስ ልደቱ
መቐለ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.