ዝም ያልንበት ሐሙስ

ይድረስ ለወንድምዓለም፦

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሳ ይይዝሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ከርመዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት አልችልበትም። ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

«ሰላም ከሆነ ጠቅልለን እንግባ፤ አንቺ የሰላም ኅብረቱ ውስጥ ስላለሽ እውነቱን ንገሪኝ» ብለህ ጽፈህልኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ስማኝ።

ኅብረታችን ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያሉ የእናቶች፣ የሾፌሮች፣ የነጋዴዎችና የመምህራን ማኅበራት አንድ ላይ ያቆሙት ነው። የሚሰበሰቡት እኔ ስፌት ቤት ነው፤ ወንበር ሲጎድል የጨርቅ ጥቅል ላይ ይቀመጡና ሱሪያቸው ላይ ክር ተለጥፎባቸው ይሄዳሉ። አንድ ሕግ አለን። ክፉ ወሬ ሲመጣ ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ ሰው አብረው ሄደው ያያሉ፤ ከዚያ ሁለቱም በየሰፈራቸው እኩል ካልተናገሩ ማንም ትንፍሽ አይልም። የአንዱ ቃል ብቻውን ከወጣ «ለወገኑ አድልቶ ነው» ይባላላ። በዚህ ሕግ ስንት ጠብ አብርደናል። አባባም ማዶ ያለውን ጸጉር ቤታቸውን ሳይዘጉ የቆዩት በእሱ ተማምነው ነው።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት «የሰፈራችንን የጭነት መኪና ሾፌር ማዶዎች ገደሉት» የሚል ወሬ ገባ። ከእኛ ጡሩምባ የምንለው ባለ ሚኒባስ፣ ከማዶ የሒሳብ መምህሩ ሄዱ። ሰውየውን መኪናው ተበላሽቶበት፣ ጭነቱን ጥዬ አልሄድም ብሎ ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኙት! ተደስተው በየፊናቸው ሲመለሱ ግን መምህሩን በእነሱ በኩል ያለው ኬላ ያዘው። ስልክም ተቋርጦ ነበር። ጡሩምባ ብቻውን እኔ ዘንድ ደረሰ።

ጡሩምባን ታውቀዋለህ፤ እንኳን ምስጢር ምራቅም አፉ ውስጥ አያድር። ያን ዕለት ግን አፉን ይዞ ተቀመጠ። «ሰውየው በሕይወት አለ ብለን እንናገር እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሰብሳቢያችን ነርሷ «መምህሩ ሳይደርስ ከተናገርን ነገ ማን ያምነናል?» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ሕጉንም ያወጣነው ሁላችንም ነን። ጠበቅን። ውጭ የተሰበሰበው ሰው ግን «ውሸት ቢሆን እስካሁን ይነግሩን ነበር፤ ዝም ያሉት እውነት ቢሆን ነው» ማለት ጀመረ።

ከዚያማ ምን ልበልህ። እዚህ የማዶ ሰዎች ሱቅ ተሰባበረ፤ ወሬው ተሻገረና እዚያ ደግሞ የእኛ ሰዎች። የአባባን መስታወቶች አረገፏቸው፤ ቀኝ እጃቸውንም በዱላ ሰበሩት። መምህሩ ከኬላው እንደተለቀቀ ቤቱ ወስዶ ደበቃቸው። እሁድ ዕለት ኅብረቱ የጸጥታ ኃላፊዎቹን ለምኖ ድልድዩ ለቁስለኞች ሲከፈት፣ እሱ ራሱ ደግፎ አመጣልኝ። በወጉ እንኳ አላመሰገንኩትም። እሱም አንገቱን እንደደፋ ተመለሰ።

አሁን እንደገና እንሰበሰባለን፤ ነጋዴዎቹ ግን ቀርተዋል። መጀመሪያ የደረሰ ሰው ብቻውንም ቢሆን ይናገር የሚል አዲስ ሕግ እያወጣን ነው። ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ትቼው ልውጣ እልና ደግሞ ማን ሊቀር ነው ብዬ ቁጭ እላለሁ።

አባባ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ናቸው። በግራ እጃቸው መቀስ ይሞክራሉ፤ ሲያቅታቸው «መቀስሽ ዶልዱሟል» እያሉ በእኔ ያሳብባሉ። ለአንተ እየጻፍኩ መሆኑን ሲያውቁ «ዓይኑን ሳላይ እንዳልሞት፣ ና በይው» አሉኝ። ቃላቸውን አድርሻለሁ። እኔ ግን፣ ወንድምዓለም፣ አትምጣ እልሃለሁ። ሰፈሩን ሁሉ ተረጋጉ፣ ሰላም ነው እያልኩ እውላለሁ፤ ለአንተና ለልጆችህ ግን ዋስ መሆን አልችልም።

ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ። ትንሿን ደግሞ ቀሚሷን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ በሰው እልከዋለሁ በላት። ጎረቤትህን፣ ያን ሳቂታውን አናጺ፣ ሰላም በልልኝ። ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ሻንጣ ማሰር ጀምራለች ብለኸኛል፤ ይቅርታ ጠይቅልኝና ትፍታው።

ታናሽ እህትህ
ከስፌት ቤቴ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን