ዶክተሩ «አርፏል» ያለ ዕለት

ውድ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽስ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽም በያሉበት ደህና ናቸው ወይ? እኛ ቆመን እንሄዳለን። ሱቁም ክሩንና ቁልፉን እየሸጠ ውሎ ይገባል። አባባም አሉ። «አሉ» የሚለውን አስቀድሜ የጻፍኩት ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ገና ሳታነሺው የዘጋሁትን አይተሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ስለማውቅ ነው። በማግስቱ ማታ ስትደውዪ «በስህተት ተነክቶ ነው» ያልኩሽ አባባ አጠገቤ ስለነበሩ ነው። ውሸቴን ነበር።

ደረጃው ላይ ከወደቁ ወዲህ እግራቸውን አላምነውም። ባለቤቴ ስታስተምር ትውላለች፣ እኔ ሱቅ ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ረፋድ ላይ ብቅ ብላ ታያቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት እሳቸውን አስፈቅጄ ክፍላቸው ውስጥ ትንሽ ካሜራ ሰቀልኩ፤ ምስሉ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ደንበኛ ዚፕ ሲመርጥ አንድ ዓይኔ እሱ ላይ፣ አንዱ እሳቸው ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አባባ ድንገት ጠፉ። በእሳቸው ፋንታ ባለቀለም ዓሦች ስክሪኑ ላይ ሽር ይላሉ። ማውሱን ስነካው ዓሦቹ ሄደው አባባ ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ስክሪኑ ጭልም አለ፤ አንዲት መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማውሱን ባንቀሳቅስ ባንኳኳው አልነቃ አለኝ። ማብሪያውን ተጭኜ ስይዘው ጭራሽ ጠፋ፤ እንደገና አስነሣሁት። ተነሥቶ አባባን እስኪያሳየኝ ባለው ጊዜ፣ ምን ልንገርሽ፣ ስክሪኑ ላይ ተደፍቼ እጠብቃለሁ። አባባ ሲወድቁ የሚታየኝ በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ወድቀውብኛል።

እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ገመዱን ቀየርኩ፤ ሶኬቱንም ቀየርኩ። ለውጥ ሳጣ እንደ ልማዴ የዕለት ማስታወሻዬን አውጥቼ፣ የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ ጻፍኩ። ዓሦቹ የሚመጡት እጄን ከማውሱ ባነሣሁ በአምስተኛው ደቂቃ፣ ጨለማው በሃያኛው ነው፤ ዝንፍ አይልም። የተበላሸ ዕቃ እንዲህ ሰዓት አይጠብቅም። እንግዲያው አንድ ሰው አዞት ነው አልኩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጌ የዓሦቹን ማዘዣ አገኘሁና አጠፋኋቸው። ተገላገልኩ ብዬ ገና ሻይ ሳልጨርስ ጨለመ። ያን ጊዜ ጠጋኙን ጠራሁ። ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰው ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተሩ» ነው የሚለው። ቅዳሜ እመጣለሁ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባባ ሲያስላቸው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ካልተሻላቸው ከክሊኒኩ ሐኪም አስመጣለሁ አለችኝ። እኔ ዕቃ ልረከብ ጅምላ መጋዘን መሄድ ስለነበረብኝ ሱቁንና ስክሪኑን ለጎረቤቴ ለጫማ ሻጩ አደራ ብዬ ወጣሁ። መጋዘን ውስጥ የክር ካርቶን ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጫማ ሻጩ ነው። «ዶክተሩ መጥቶ ነበር፤ ነካ ነካ አደረገና አርፏል አለ» አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለአባባ «አርፈዋል» ይል ነበር፣ ከአነጋገሩ እለየው ነበር። ጫማ ሻጩ ግን ለሽማግሌም ለዳኛም «አንተ» የሚል ሰው ነው። አባባን ራሳቸውን «እንዴት አደርክ ሸበቶው» ነው የሚላቸው። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልሽ። ሲጠራ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁና ዘጋሁት። ሦስቴም እንዲሁ።

ቤት ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ምን አባረረህ? ሱቁ ተቃጠለ እንዴ?» አሉኝ። በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ለካ ጠጋኙ ቅዳሜን ሳይጠብቅ መጥቶ ኖሯል፤ ዶክተሩ ያለው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። አልሞተም፣ አልተበላሸም፣ ኃይል ለመቆጠብ አርፏል። ያዘዘውም እኔው ነኝ። ካሜራውን ሳስገባ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ቁጠባ» የሚለውን ቃል ሳይ ነጋዴ አይደለሁ፣ ምኑንም ሳላነብ እሺ አልኩት። የዓሦቹ ማዘዣ ሌላ፣ የእንቅልፉ ሌላ ቦታ ነው። ዶክተሩ «በፍጹም አትተኛ» ብሎ አዘዘልኝ። ሲተኛ ደግሞ ማውሱ ሳይሆን የፊደል ሰሌዳው እንደሚቀሰቅሰው፣ እኔ ማብሪያውን እየያዝኩ ጤነኛውን ስገድለው እንደነበር ነገረኝ።

አሁን ስክሪኑ አይጠፋም። ፍርሃቴ ግን ባሰ። ትናንት አባባ ከወንበሩ ሲነሡ፣ ጠረጴዛውን ሲስቱ፣ አየር ሲጨብጡ ጥርት አድርጎ አሳየኝ። የአልጋው ጠርዝ ያዛቸው እንጂ፣ እኔ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቄ ስክሪኑን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ማታ ከእኔ ጋር ሱቅ ይዋሉ ብላቸው «ቁልፍ ስቆጥርልህ ልዋል?» ብለው እምቢ አሉ። የኋላውን ክፍል ግን ባዶ አድርጌ ወንበርና ፍራሽ አስገብቻለሁ። እኔን አይሰሙም፤ አንቺን ይሰማሉ። እባክሽ በእጅሽ ጻፊላቸው። ስለ መውደቅ አታንሺ፤ ወንድሜ ብቻውን መዋል ከብዶታል በያቸው። ይህስ ውሸት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። ምስሉ አንዳንዴ ደርቆ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የደረቀው ምስሉ ይሁን ሰውዬው አላውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መጋረጃውን አያለሁ። መጋረጃው ከተንቀሳቀሰ ደረታቸውን አያለሁ። ከዚያ አንድ መስመር እጽፍልሻለሁ።

ለባለቤትሽ የወንድምነት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጉልበት ስሜያለሁ በያቸው። ባለቤቴ ናፍቆቷ ብዙ ነው ትልሻለች። አባባ ሲነቁ የእሳቸውንም እጨምራለሁ።

ወንድምሽ
ከክርና ቁልፍ ሱቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ

ነቅተዋል። መጋረጃውን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ቆመው ነው። ልሄድ ነው።